ለደካማ ነፋስ የመረጥኩት ሸራ

ሐረር ተመድቤ ስመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ከሻንጣዬ ሌላ ግን አይሱዙ ላይ የተጫኑ ሁለት የውሃ ሰሌዳዎችና ሁለት ሸራዎች ነበሩኝ። ያደግኩት ላንጋኖ ዳር ነው። አባቴ ዘበኛ የነበሩበት መዝናኛ አሮጌ ዕቃውን ሲያስወግድ ለእኔ ደረሰኝ። ሰሌዳው ላይ ቆሞ፣ ሸራውን በእጅ ይዞ፣ በነፋስ ብቻ መሄድን የተማርኩትም እዚያው ነው።

የትምህርት ቤታችን የስፖርት አስተማሪ የሐረር ልጅ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ተመልሶ ውሃ ከያዘ ወዲህ በየእሁዱ እየወሰድኩ ዓመት ሙሉ አስተማርኩት። ስንት ጊዜ ከውሃ ጎትቼ አወጣሁት። ታዲያ አንድ ቀን ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ እንግዶች መጥተው ስለ ስፖርቱ ሲጠይቁት፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ «ይህን ነገር ለሐረር ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። ወደ እኔም ዞሮ፣ «እህታችን ሸራ ታጥፍልኛለች» ብሎ ሳቀ። እንግዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እንግዶቹ ከአንድ ወር በኋላ ውድድር ሊያዩ ቀጠሩ። ከእኔ ሌላ ተወዳዳሪ ስላልነበረ ውድድሩ በእሱና በእኔ መካከል መሆኑ ግድ ሆነ።

ከሁለቱ ሸራዎች ትንሹ አዲስና ቀይ ነው። ትልቁ መሃሉ ተቀዷል፤ እሱ «ድሪቶ» ይለው ነበር። የሐረማያ የጠዋት ነፋስ ግን ደካማ ነው። በእንዲህ ያለ ነፋስ ሰሌዳው ውሃውን ማረስ ትቶ በላዩ እንዲንሸራተት ብዙ ነፋስ የሚያቅፍ ትልቅ ሸራ፣ ክብደት የሚችል ሰፊ ሰሌዳ፣ ከስሩም ረዘም ያለ ክንፍ ያስፈልጋል። ይህን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ሰምቶኝ አያውቅም።

ድሪቶውን ተሸክሜ ጀጎል ገባሁ፤ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰድኩት።

«ድንኳን ነው ልጄ?»

«ሸራ ነው አባባ፤ ሐይቅ ላይ ሰው ላሸንፍበት ነው።»

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «በድሎሻል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ድርብ ስፌት ነው የሚያስፈልገው» አሉና መኪናቸውን ረገጡ። «ኢንሻአላህ አይተረተርም።»

እሁድ ጠዋት እንግዶቹ ዳር ላይ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ከሐይቁ ዳር ባለው ማሳ የጫቱ ቅጠል እንኳ በወጉ አይነቃነቅም።

«አንተ ቅደምና ምረጥ» አልኩት።

ጠባቡን ሰሌዳና ቀዩን ሸራ አነሳ። «ይሄ ይሻላል አይደል?»

«ያምርብሃል» አልኩት። አልዋሸሁም፤ ያምርበት ነበር።

ውሃ ላይ እንደወጣን ጠባቡ ሰሌዳ የእሱን ክብደት አልችል ብሎ ሰመጠ። ወደቀ፤ ተነሳ፤ ደግሞ ወደቀ። እኔ የሸራዬን ገመድ ላላ አድርጌ ሆዱን አስነፋሁት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ራሴ ሳብ ሳብ ሳደርገው ሰሌዳው ቀለለ፣ ከዚያም ውሃውን ለቀቀ። ምልክት ያደረግነውን ቢጫ ጀሪካን ዞሬ ስመለስ እሱ ገና መንገድ ላይ ነበር።

«እህቴ፣ ጎትቺኝ እንጂ!»

መንሳፈፊያ ጃኬት ለብሷል፣ አይሰጥምም። አንድ ጊዜ ዞርኩት። ፊቱን በደንብ ላየው ፈልጌ ደግሜ ዞርኩትና ጥዬው ሄድኩ። በመጨረሻ ዓሣ አስጋሪዎች በጀልባ ጎትተው አወጡት፤ ዳር ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበላቸው።

ከጫማው ውሃ እያፈሰሰ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አውቀሽ ነው አይደል?»

«አዎ፣ አውቄ ነው።»

ከዚያ ወዲህ እሁድ መጥቶ አያውቅም። ጀጎል ፈላና በር ላይ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ቂም ያዢውን ይበላል የሚሉኝ አሉ፤ እውነታቸውን ይሆናል። እኔ ግን ያን ቀን እንደ ጅብ ተርቤ ቤቴ ገባሁ፣ እስክጠግብም በላሁ፤ ከበላሁት ውስጥ አንዱም አልመረረኝም።