መፈተሻው የጮኸበት ሰው

የመጀመሪያ ሥራዬ የሴቶችን ቦርሳ መክፈት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ በከተማው እዚህም እዚያም ፈንጂ ፈነዳ መባል ጀመረ። ከዚያ በፊት ዘበኛ ያለበት በር በሰላምታ የሚታለፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሆቴሉም፣ ሲኒማ ቤቱም፣ መሥሪያ ቤቱም ፈታሽ መቅጠር ያዘ። ሴትን ወንድ ሊፈትሽ ስለማይችል እንደ እኔ ላለችው ሥራ ፈት እንጀራ ተገኘ። መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለ አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ግቢ ተቀጠርኩ። ሰማያዊ ሸሚዝና አንድ የእንጨት ወንበር ሰጡኝ።

ወንዶቹን የሚፈትሹት አንድ የቀድሞው ጦር ወታደር ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ግራ እግራቸውን ትንሽ ያነክሳሉ። ጦሩ ሲበተን ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው፣ ጥቂት ጊዜ የቀን ሥራ ሲሠሩ ቆይተው፣ በሰው በሰው ዘበኝነት ያገኙ ናቸው። ሲፈትሹ ማየት ደስ ይላል። “ይቅርታ ወንድሜ” ብለው ይጀምሩና “እግዜር ይስጥልኝ” ብለው ይጨርሳሉ፤ እጃቸው ከብብት እስከ ቁርጭምጭሚት ሲወርድ ተፈታሹ ስለ ዝናቡ እያወራቸው ነው። እኔ አፍር ነበር። ሰው በቦርሳው የሚይዘው ነገር ብዙ ነው፤ ማበጠሪያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ በሶፍት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ። አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ደግሞ ተናዳ ቦርሳዋን ፊቴ ትዘረግፈዋለች።

“ፊታቸውን አትዪ” አሉኝ አንድ ቀን። “ቦርሳውን ብቻ እዪ። ዓይን ዓይናቸውን ስታዪ ነው የሚከፋቸው።”

የጋሼ ባለቤት በየቀኑ ምሳ ያመጡላቸው ነበር። ቤታቸው ከአቦ ጀርባ ስለሆነ ቅርብ ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ተጫዋች ናቸው፤ ሆኖም አንድ የማይተውት ነገር ነበራቸው። ወታደር የሚመስል ሰው በሩ ላይ ካዩ ጠጋ ብለው “ሰሜን ዘምተህ ነበር?” ይሉታል። ከሆነ የወንድማቸውን መልክ ይነግሩታል። ጠይም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ። እናታቸው ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጦሩ ሲበተን ሌላው ሁሉ እየተንጠባጠበ ሲመጣ እሱ ሳይመጣ ቀረ።

“ሱዳን የገቡ ብዙ ናቸው ይባላል” ይሉኝ ነበር። “ከዚያ ደግሞ ሌላ አገር ተሻግሮ ይሆናል። ጽሕፈት አይወድም እኮ፣ ድሮም።”

“ጋሼስ እዚያ አልነበሩም?” ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

“እሱ ምኑን ያውቃል ብለሽ! ደጀን ነው የከረመ፣ ግምጃ ቤት። ጥይት ሲተኮስ እንኳ የሰማ አይመስለኝም። እግሩንም የጎዳው ከጭነት መኪና ወድቆ ነው።”

ጋሼ ይህ ሲወራ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ወደ መንገዱ ያያሉ።

መፈተሻ መሣሪያው የመጣው ክረምቱ እንደወጣ ነው። እጀታ ያለው ጥቁር ዱላ ነው፤ ብረት አጠገብ ሲደርስ ይጮኻል፣ ቀይ መብራትም ይበራበታል። የአስተዳደር ኃላፊው ወጣት ሰው ነበር፤ ዕቃውን ካመጣው ባለሙያ ጋር ሆኖ እያገላበጠ ሲያሳየን ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። “ከእንግዲህ የሰው ገላ መንካት የለም” አለን። እውነትም ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር። ጸሐፊዎቹና ሾፌሮቹም ሊያዩ ወጥተው ዙሪያችንን ቆሙ።

ባለሙያው ለማሳያ ጋሼን መረጠ። እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ዱላው ከትከሻ ጀምሮ ወረደ፤ ኪስ ጋ ጮኸ። ቁልፋቸውን አወጡ። ቀበቶ ጋ ጮኸ፤ ቀበቶውን ፈቱ። ከዚያ ግራ ዳሌያቸው ላይ ሲደርስ ጮኸ፣ ኪሱም ባዶ ነበር።

“ጋሼ፣ ምን ደብቀውብን ነው?” አለ ባለሙያው እየሳቀ። ሰዉም ሳቀ።

“ምንም የለም። ዕቃው ይሆናል።”

ባለሙያው ዱላውን በራሱ ዳሌ ላይ አሳለፈው፤ ዝም አለ። ወደ ጋሼ መለሰው፤ ጮኸ። አነሳው፤ ዝም አለ። አስጠጋው፤ ጮኸ። ለእሱ መሣሪያው እንደሚሠራ ማሳያ ሆነለት እንጂ ሌላ አልታየውም።

“ፍንጣሪ ነው” አሉ ጋሼ በመጨረሻ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ቢሆንም ሁላችንም ሰማን። “የመድፍ ፍንጣሪ። ከውስጥ ነው፤ አይወጣም።”

ሳቁ ቆመ። ኃላፊው “ይቅርታ ጋሼ፣ አላወቅንም” አለ። ባለሙያው ባትሪው እንዴት እንደሚቀየር ወደ ማሳየት ገባ።

ሁሉም ሲበተን ጋሼ ቀበቶአቸውን እያሰሩ ወደ እኔ ዞሩ። “ይህ ነገር ቤቴ እንዳይገባ፣ አደራሽን።” ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። እሺ አልኩ።

እኔ ዝም ብልም ግቢው ዝም አላለም። ከሾፌሮቹ አንዱ ያን ሳምንት “ብረቱ” የሚል ስም አወጣላቸው። ክፋት አልነበረውም፤ እንዲያውም የአክብሮት ነው የሚመስለው። “ብረቱ፣ እንደምን አደሩ!” እያለ መኪናውን ያስገባል። ሌሎቹም ተከተሉት። ጋሼ እጃቸውን ለሰላምታ አንስተው በሩን ይከፍታሉ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን መንገድ መንገዱን ሲያዩ፣ እትዬ ገና ሳይጠጉ ሄደው ምሳውን ሲቀበሏቸው አየሁ። ቀድሞ እዚያው በሩ ጥግ አብረው ነበር የሚበሉት።

ይህ ብዙም አልቆየ። አንድ ቀን ጋሼ ጓሮ ጄኔሬተሩ ጋ ተጠርተው ሄደው ሳለ እትዬ ምሳውን ይዘው መጡ። እኔ እንደ ደንቡ መፈተሻውን በላያቸው አሳለፍኩ፤ ሳህኑ ላይ ጮኸና ሳቁ። በዚያው ቅጽበት ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ በመስኮት “ብረቱ የሉም እንዴ?” አለኝ።

“ብረቱ ማነው?” አሉኝ እትዬ።

ሳህኑን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። ሾፌሩ ግን ሰው የማስደሰት ልማድ ስላለው “ባለቤትዎ ናቸዋ!” አለ። “ይህ ዕቃ እኮ እሳቸው ላይ ይጮኻል። የመድፍ ፍንጣሪ ይዘው ነው የሚዞሩት። ጀግና እኮ ነው ያገቡት፣ እማማ!” አለና መኪናውን ወደ ውስጥ አስገባ።

እትዬ ሳህኑን ወንበሬ ላይ አስቀመጡት። ጋሼ ከጓሮ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ብቅ ሲሉ፣ እትዬ መፈተሻውን ከእጄ ወሰዱት። አልከለከልኳቸውም። ቁልፉ የት እንደሆነ እንኳ አያውቁም፤ እኔ ስፈትሻቸው እንደበራ ነበር።

“ና እስቲ ቁም” አሏቸው።

ጋሼ ቆሙ። እትዬ ዱላውን እንደ እኔ ከትከሻ አልጀመሩም፤ ለዓመታት በቁርጥማት ቅባት ያሹት ወደነበረው ዳሌ ነው በቀጥታ የወሰዱት። ጮኸ።

“ከመኪና ነው የወደቅኩት አላልከኝም?”

“ብዬሻለሁ።”

“ግምጃ ቤት ነበርኩ አላልከኝም?”

ጋሼ ጨርቁን ኪሳቸው ከተቱ።

“ወንድሜን አይተኸዋል ማለት ነው” አሉ እትዬ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው የጥያቄ አልነበረም።

ጋሼ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የተናገሩትን እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቼዋለሁ። የእትዬ ወንድም የነበረበት ሻለቃ ከእሳቸው ብዙ አይርቅም ነበር። አንድ ጠዋት ስኳር አገኙና “ና ሻይ እንጠጣ” ብለው ሰው ላኩበት። መጣ። ምሽግ ውስጥ ተቀምጠው ሻዩ ገና ሳይቀዘቅዝ መድፍ መጣ። ልጁ ሲጮኽ አልሰሙትም። እሳቸውን በቃሬዛ ሲያነሷቸው ጓደኞቻቸው እሱ ላይ ድንጋይ ሲከምሩ አይተዋል።

“ባላስጠራው ኖሮ አይመጣም ነበር” አሉ። “ምን ብዬ ልንገርሽ? ስመለስ በር ላይ ቆመሽ መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ስለ እሱ ነው። አላየሁትም አልኩ። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለሻ አጣሁ።”

እትዬ መፈተሻውን መለሱልኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አላለቀሱም። በእኛ ወግ መርዶ ሲነገር ሽማግሌዎች ማልደው ቤት ድረስ ይሄዳሉ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይደግፋል። እሳቸው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚወጣበትና በሚገባበት በር ላይ፣ በአንድ ሾፌር ቀልድ ሰበብ ነው የሰሙት።

በማግስቱ እድሩ ድንኳን ተከለ። ከግቢያችን ብዙ ሰው ሄደ፤ ሾፌሩም ሄዶ ጥግ ይዞ አለቀሰ። ሬሳ ለሌለበት፣ ከሞተም ብዙ ዓመት ላለፈው ልጅ ሴቶቹ ፎቶውን ይዘው እንደ ትናንት ሟች አለቀሱለት። ጋሼ ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። አንድ የእድሩ ዳኛ ጠየቋቸውና እንደገና ተናገሩት፤ የሻዩን ነገር ሳይቀር። እትዬ ከሴቶቹ በኩል ሆነው ያዳምጡ ነበር።

ለረጅም ጊዜ እትዬ ባላቸውን አላነጋገሩም። ምሳውን ግን አላቋረጡም። ከል ለብሰው ይመጣሉ፣ ለእኔ ይሰጡኛል፣ “እንደምን ዋልሽ” ብለው ይመለሳሉ። ጋሼ ሳህኑን ባዶ አድርገው፣ አጥበው ማታ ይወስዱታል።

ኃላፊው በነገሩ ተጸጽቶ ነበር መሰለኝ፣ ድርጅቱ ወጪውን ችሎ ጋሼ ሐኪም እንዲያያቸው አደረገ። ራጅ ተነሱ። እኔንም አብሬያቸው እንድሄድ ላከኝ። ሆስፒታሉ ስንደርስ እትዬ ቀድመውን መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ሐኪሙ ፍንጣሪው ነርቭ አጠገብ ስለሆነ ማውጣቱ ከመተዉ ይብሳል አለ። እትዬ ራጁን ስጡኝ ብለው ተቀበሉና መስኮት ላይ አነሱት። በዳሌው አጥንት ጥግ ነጭ ነጥብ ይታያል።

“ይህችን የምታህል ናት?” አሉ።

“ይህችው ናት” አሉ ጋሼ።

ከድንኳኑ ቀን ወዲህ ሲነጋገሩ ስሰማቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሲወጡ እትዬ ራጁን በብብታቸው ይዘው ነበር፤ ደረጃው ላይ ደግሞ የጋሼን ክንድ ያዙ።

ከዚያ በኋላ እትዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ቦታውን ማየት። ቦታው አሁን ሌላ አገር ሆኗል፣ ቢሆንም አውቶቡሱ ይሄድ ነበር። ፋሲካን ውለን እንሄዳለን ተባባሉ። ጋሼ ፈቃድ ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው። ፋሲካ አለፈና ዝናብ ዘነበ፣ ከዚያ የአንድ ዘመድ ሠርግ ገባ፣ ሊነሱ ሲሉ ግንቦት ላይ ጦርነት ተነሳ። መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። እትዬ የቋጠሩትን ስንቅ ፈቱት።

በዚያ ሰሞን ግቢያችን ውስጥ ያለው ሻይ ቤት ከሬዲዮ ጋር ነበር የሚውለው። አንድ የሒሳብ ክፍል ወጣት ስለ አዲሶቹ አውሮፕላኖች ብዙ ያነብ ነበር። “የአሁኑ ጦርነት እንደ ድሮው አይደለም” አለ አንድ ቀን። “ሁሉም በመሣሪያ ነው። ከሩቅ አነጣጥሮ ይመታል። ሰው ከሰው ጋር መተያየት ቀረ።”

ጋሼ ስኒያቸውን ይዘው በሩ ጋ ቆመው ነበር። “እኛስ የተኮሰብንን መቼ አየነው?” አሉ። “የተኮሰውም እኛን አላየንም። ተራራ አለ በመካከላችን። ቁጥር ነግረውት ነው የተኮሰው። ሻይ እየጠጣን እንደነበር እስካሁን አያውቅም።”

ሬዲዮው ማስታወቂያ ቀጠለ።

በተከታዩ ዓመት የጽሕፈት ትምህርቴን ጨርሼ መሀል ከተማ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ እነጋሼን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። እትዬ ከሉን አውልቀው ነበር። ድንች ቀቅለው አቀረቡልኝ፤ ሦስታችንም እየላጥን በላን። ከሰፈሩ የዘመቱት ልጆች ብዙ ስለነበሩ ያወራነው ስለ እነሱ ነው። እትዬ የእናቶቹን ቤት በየተራ ይዞሩ ነበር። “ጎረቤቶቹን፣ የሰማችሁትን እናቶቹን እንዳትደብቋቸው እላቸዋለሁ” አሉኝ፣ ባላቸው እየሰሙ።

“አዲሱ ሥራሽ ላይስ ትፈትሺያለሽ?” አሉኝ ጋሼ ልወጣ ስል።

“አልፈትሽም ጋሼ፣ እኔ ነኝ የምፈተሸው። ጠዋት ጠዋት።”

“እንግዲያስ እጅሽን ቶሎ አንሺላቸው” አሉኝ። “ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው የሚውሉት።”