ፍርድ ቤት ደፍረሃል የተባልኩ ጊዜ

ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ደርግ አገር ቤት እግሩን ዘርግቶ በተቀመጠበት ዘመን ነው። እኔ ያኔ ጄኔቭ ነበርኩ። ይህን ያህል ዘመን አልፎም የማልረሳው፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ በወንጀል የተከሰስኩት ያኔ ስለሆነ ነው። ያውም ባልሠራሁት ነገር።

ፓኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካሉት ርካሽ ሆቴሎች በአንዱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። ባለቤቴ ጽጌ ከእኔ ተጣልታ ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል ገብታለች። የተጣላንበትን ምክንያት አልጽፈውም፤ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ብቻ እመኑኝ። ፍርድ ቤቱ ተለያይተን እንድንኖር ፈቅዶ በየወሩ ቀለብ እንድቆርጥላት አዘዘኝ። አልተቃወምኩም።

ችግሩ ገንዘቡ እንዴት ይድረሳት የሚለው ነበር። ጽጌ ስልኬን አታነሳም። በባንክ እንዳልልክ፣ በዚያ ዘመን ስማችን ወረቀት ላይ በሰፈረ ቁጥር ልባችን ድንግጥ ይል ነበር፤ ከአዲስ አበባ ይዘነው የመጣነው በሽታ ነው። ስለዚህ ጋሼ ወልዴን ለመንኳቸው። ጋሼ ወልዴ ጄኔቭ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ናቸው፤ እኔንና ጽጌን ለማስታረቅም ሽማግሌ ሆነው የደከሙት እሳቸው ናቸው። ዙሪክ ካሉት አበሾች ጋር የማርያም ማኅበር ስላላቸው በየወሩ ወደዚያ ይሄዳሉ።

የሆቴሉ ሒሳብ ያዥ ደመወዜን በፖስታ አድርጎ ነበር የሚሰጠኝ። የራሴን አወጣና የእሷን ድርሻ እዚያው ትቼ፣ መልሼ አሽጌ ለጋሼ ወልዴ እሰጣለሁ። እሳቸውም ኪሳቸው ይከቱታል። አለቀ። ደረሰኝ የሚባል ነገር በሐሳቤም አልመጣ። ታላቅን ሰው ፈርሙልኝ ማለት እኮ ሌባ ነዎት ከማለት አይተናነስም።

አሥራ አራት ወር እንዲህ ሄደ። በአሥራ አምስተኛው ዙሪክ ካለ ፍርድ ቤት የአደራ ደብዳቤ መጣልኝ፤ በጀርመንኛ። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ሴትዮ ከዚያ ወገን ስለነበረች አነበበችልኝ። እያነበበች ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

ደብዳቤው የአሥራ አራት ወር ቀለብ ባለመክፈል የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሰሃል ይላል። በእኛ ቋንቋ ፍርድ ቤት ደፍረሃል ማለት ነው። እኔ የሆቴሉን አሳላፊ እንኳ ቀና ብዬ የማላይ ሰው! ከተፈረደብኝ እስር አለው። ከእስሩ ይልቅ ያንቀጠቀጠኝ ግን ፔርሚዬ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴን ከነጠቁኝ ወዴት እሄዳለሁ? አገር ቤት ምን እንደሚጠብቀኝ አውቀዋለሁ።

የከሰሰችኝ ደግሞ ጽጌ አይደለችም። እሷ የአረጋውያን ቤት ስትሠራ ወገቧን ታማ ሥራ አቁማለች። የሰፈሯ ገማይንደ፣ ማለት እንደ እኛ ቀበሌ ያለ፣ ጠመንጃ የማይዝ ብቻ፣ እሱ ነው ሲረዳት የቆየው። ከባሏ አንድ ሳንቲም እንዳልገባላት ሲያይ ከሰሰኝ።

መንግሥት በነፃ ጠበቃ መደበልኝ። ፋይሌን ፖም እየገመጠች የምታነብ ወጣት ሴት ናት።

«ሁለት መንገድ አለህ» አለችኝ። «ወይ መክፈልህን ታስረዳለህ፣ ወይ አቅም አልነበረኝም ትላለህ። አቅም ያጣን ሰው ሕጉ አይቀጣም። ደመወዝህ ትንሽ ስለሆነች ሁለተኛው ይሻልሃል።»

ጽጌ ፊት ቆሜ ድሃ ነኝ ልል? እስሩ ይሻለኛል። «ከፍያለሁ» አልኳት።

«ደረሰኝ?»

«የለኝም። ግን ጋሼ ወልዴ አሉ።»

«ለምን ደረሰኝ አልተቀበልካቸውም?»

ይህን በፈረንሳይኛ ማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ «እናንተ አገር ሽማግሌ ማለት ባንክ ነው?» አለችኝ። «ከባንክ ይበልጣል» አልኳት። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ጻፈችው።

በማግስቱ ወደ ጋሼ ወልዴ ሄድኩ። ደብዳቤው የሚለውን ነገርኳቸውና እየፈራሁ «ጋሼ፣ ገንዘቡ ጽጌ እጅ ደርሷል?» አልኳቸው።

«ይህን ማነው የጠየቀው?» አሉ።

«ፍርድ ቤቱ።»

«እንግዲያው ለፍርድ ቤቱ እመልሳለሁ። ለአንተ እንዳልነግርህ የሰው አደራ አለብኝ» አሉና ሻይ አዘዙልኝ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ሰሞን አዲስ ካፖርት ገዝተው ነበር። ሻዬን ስጠጣ ዓይኔ ከካፖርቱ አልነቀል አለ። ጠበቃዬም ብትሆን «ያለህ ምስክር አንድ፤ እሱም ምን እንደሚል አይታወቅም» ብላ ጭንቅ ያዛት።

የቀጠሮው ዕለት ማለዳ ከነጠበቃዬ ሦስታችንም የዙሪክ ባቡር ላይ ወጣን። ጋሼ ወልዴ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። «ልያዝልዎ?» ብላቸው «ተወው» አሉኝ። ሦስት ሰዓት ያህል ስንጓዝ ከጭናቸው አላወረዱትም። ስንቅ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ፍርድ ቤቱ የመደበው አስተርጓሚ ዕድሜውን አዲስ አበባ የፈጀ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ጋሼ ወልዴ ለምስክርነት ሲገቡ ከመቀመጫው ብድግ አለና እጅ ነሳ። ዳኛው ግራ ገብቷቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ጽጌ በወዲያ በኩል ተቀምጣለች። ሰላም ልበላት አልበላት ስል ፊቷን አዞረች።

«ገንዘቡን ለሴትዮዋ ሰጥተዋል?» አሏቸው ዳኛው።

«አልሰጠሁም» አሉ ጋሼ ወልዴ።

ጠበቃዬ እስክሪብቶዋን ጣለች።

ጋሼ ወልዴ እንደ ምንም ሳይቆጥሩት ቆርቆሮውን ከፈቱና አሥራ አራት ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ሁሉም እንደታሸጉ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ የሆቴሉ ማኅተም፣ ስሜና ወሩ አለበት። «በየወሩ ወሰድኩላት፤ በየወሩ የሱን ገንዘብ አልነካም አለችኝ። ለሱም እንዳልነግር በማርያም አስማለችኝ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልመለሱለትም?»

«ብመልስለት ነገሩ አለቀ ማለት ነዋ! እኔ ጋ እስካለ ድረስ ሽምግልናው አላለቀም።»

አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም ፈገግ አለ። የገማይንደው ሰው ግን አልሳቀም። ተነሣና «ፖስታ ባለፈው ሳምንትም መሞላት ይችላል። ለሴትዮዋ አንድ ሳንቲም እንዳልደረሳት ግልጽ ነው» አለ። እውነቱን ነው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እንደሱ እል ነበር።

ዳኛው ወደ ጽጌ ዞሩ። ሁሉም ነገር እሷ ላይ ወደቀ። «አልደረሰኝም» ብትል ሐሰት አይባልባትም፤ እጇ አልገባማ! ያቺን አንዲት ቃል ብትናገር እኔ አልቆልኛል።

ጽጌ ወገቧን ይዛ ተነሣች። «የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። በየወሩ አመጡልኝ፤ የመለስኩት እኔ ነኝ» አለች፤ በጀርመንኛ። እኔ የሰማሁት በአስተርጓሚው አፍ ነው።

የገማይንደው ሰው ቀዩ ፊቱ የባሰውን ቀላ። «ይህን ካሉ የተረዱትን ገንዘብ መመለስ እንዳለብዎት ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ለምንድነው ያልተቀበሉት?» አሏት ዳኛው።

አሁን ወደ አማርኛ ዞረች። እኔን እያየች ነው የተናገረችው። «ፖስታ ከሚልክ አንድ ቀን እንኳ ራሱ መጥቶ ደጄን ቢያንኳኳ ምን ነበረበት?»

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠራረገና ተረጎመው። ዳኛው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ሁሉ ክስ ይልቅ በልቤ ጥፋተኛ ነኝ ያልኩት ያኔ ነው።

ነፃ ወጣሁ። በጊዜው አቅርቦ እንቢ የተባለ ሰው ትእዛዝ ጥሷል አይባልም ተባለ። ፖስታዎቹን ገማይንደው ለእርዳታው ማካካሻ ወሰዳቸው። ዳኛው ጋሼ ወልዴን ከእንግዲህ ደረሰኝ እንዲሰጡ መከሯቸው፤ ጋሼ ወልዴ «እሺ» አሉ፤ ግን ፊታቸው እሺ አላለም።

ደጅ ስንወጣ ስለ ካፖርቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው አሰብኩና አፈርኩ። ጽጌ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ቀረብ አልኳት።

«ከሳህ» አለችኝ።

«አንቺስ ወገብሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

በሚቀጥለው ወር ፖስታውን ይዤ አድሊስቪል ራሴ ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። ከዚያም በየወሩ ሄድኩ። በሁለተኛው ዓመት የሆቴሉን ሥራ ለቅቄ ጠቅልዬ ገባሁ፤ ጋሼ ወልዴም «እንዲህ ነው ሽምግልና» እያሉ ያላወሩለት አበሻ የለም።

ይኸው ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። በየትኛው ሕግ ዳንክ የሚሉኝ አሉ። የሕጉን ቁጥር ጠበቃዬ ታውቀው ይሆናል። እኔ የማውቀው ጽጌ ያን ቀን እየተቀየመችኝ፣ ዕዳ እንደሚያስከትልባት እያወቀች፣ ያቺን አንዲት ቃል አለመናገሯን ነው። ዛሬም እንጣላለን። ልመልስላት አፌን ስከፍት ወገቧን ይዛ ስትነሣ ትታየኛለችና ዝም እላለሁ። እሷ ግን ያኮረፍኩ ይመስላትና ይብስ ትናደዳለች።