አባ ፍተሻ እና የሆስፒታሉ ጣሪያ

አባቴ የሆስፒታል ዘበኛ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ በር ላይ ከመቆሙ የተነሳ ሆስፒታሉ ከሐኪሞቹ ይልቅ የእሱ ይመስለዋል። የከተማው ሰው ያወጣለት ስም «አባ ፍተሻ» ነው፤ ደግሞም ይገባዋል። ከታመመ ሕፃን እጅ የቆርቆሮ ሽጉጥ ተቀብሎ፣ ቁጥር የተጻፈባት ካርቶን ሰጥቶ «ስትወጣ ትወስዳለህ» ያለ ሰው ነው። እናትየው በሳቅ ፈረሰች። እሱ ግን ፊቱን አልፈታም።

ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲቃረብ ዋናው ሐኪም ሠራተኛውን ሰብስበው የጦርነትን ሕግ አስረዱ። ሆስፒታል አይመታም፤ ቁስለኛ የወገንም ሆነ የጠላት ይታከማል፤ ሆስፒታሉ ለውጊያ ከዋለ ግን ከለላው ሊቀር ይችላል፤ አገሮች የፈረሙበት ነው አሉ። ሌላው ሰው እያዛጋ ሲሰማ አባዬ ማስታወሻ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ጆሯችን እስኪደነቁር ሰማነው።

እኔን በዚያው ሰሞን ምጥ ያዘኝ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከበሩ ትይዩ ያለ መስኮት ሥር አስተኙኝ። ከቀትር በኋላ የመኪና ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የታላቅ ወንድሜን ድምፅ። ሻምበል ነው። ከኛ ጣሪያ የሚበልጥ ከፍታ በከተማው ስለሌለ፣ መትረየስ ሊተክልበት ወታደሮቹን ይዞ መጥቷል።

«አባዬ፣ በሩን ክፈት።»

«መሣሪያውን አስቀምጥና ግባ። ቁጥር እሰጥሃለሁ።»

«ኧረ በፈጠረህ! መትረየስ በካርቶን ልትረከበኝ ነው?»

ወታደሮቹ ሳቁ። እኔም ምጤን ረስቼ ሳቅሁ፤ አዋላጇ «ጎሽ፣ እንደሱ ግፊ!» አለችኝ።

«እኔ እኮ እናንተን ልጠብቅ ነው የመጣሁት» አለ ወንድሜ፣ ድምፁን አለሳልሶ።

«አንተ ከላይ ሆነህ ተኩስ፣ እነሱ ደግሞ ይህን ቤት ይምቱት። እህትህ እዚህ ተኝታለች። መጠበቅ ከፈለግህ ጣሪያችንን ተውልን።»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ፈራሁ፤ ወንድሜ ከልጅነቱ ግትር ነው። ከማን ወረሰው ቢባል በሩ ላይ ቆሟል።

«በሉ፣ መትረየሱን ከከተማው ውጭ ወዳለው ጉብታ ውሰዱት» አለ በመጨረሻ። «እኔ እህቴን አይቼ እመጣለሁ።» ሽጉጡን ፈትቶ አስረከበ፤ ካርቶኑንም ተቀበለ። ደረጃውን ወጥቶ ሲደርስ ልጄ ተወልዳ ነበር። ያ ኮስታራ ሻምበል ሲያቅፋት እንባው ዱብ ዱብ አለ። ደስታዬ መጠን አልነበረውም።

ሦስት ቀን ተኩሱ በላያችን ሲያልፍ ሰነበተ። ወንድሜም ተረፈ፤ ሆስፒታሉንም የነካው የለም። በአራተኛው ቀን ተኩስ ቆመና ከጠላት በኩል የቆሰለ የመድፍ አዛዥ በቃሬዛ መጣ። አባዬ እንደማንም ፈተሸው፤ ጩቤውን ተቀብሎ ካርቶን ሰጠው። ቀጥሎ ያለውን በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ።

«አባቴ» አለው ቁስለኛው፣ «ጣሪያችሁ ላይ መሣሪያ ካየሁ እንድመታችሁ ታዝዤ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በመነጽር ሳያችሁ ሰነበትኩ። አንዲት ሴትዮ የሕፃን ጨርቅ ስታሰጣ ብቻ አየሁ። ሕፃኑ ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት» አለ አባዬ፤ በሩን ያለ ሰው ትቶ፣ ልጄን ሊያመጣለት ደረጃውን እየሮጠ ወጣ።