ለወንድሜ የተጾመው ፈተና

እናቴ ለማትሪክ ፈተናችን ስትጾም ያሰበችው ወንድሜን ብቻ ነበር። ይህን የምለው ሐሜት አምሮኝ አይደለም፤ ፊት ለፊቴ ነው ያደረገችው። ታላቄ ነው፤ አንድ ክፍል ስለደገመ ደርሼበት በአንድ ዓመት ነበር የተፈተንነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የእምነት ጓደኞቿ ላፍቶ ያለው ቤታችን ለጸሎት ሲሰበሰቡ «የልጄን ነገር አደራ» ትላቸዋለች። የትኛውን ልጅሽን ብሎ የጠየቃት የለም።

በደርግ ጊዜ ጴንጤ በግልጽ አይጸልይም። ሴቶቹ ሳፋና የሚታጠብ ልብስ ይዘው አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ጎረቤት አብረው ሊያጥቡ ነው ብሎ እንዲያስብ ነው። ጫማ በር ላይ አይተውም፣ ሁሉም ይዞ ይገባል። ሬዲዮኑ ከፍ ይደረግና እነሱ በሹክሹክታ ይዘምራሉ። የኔ ድርሻ ጓሮ ቁጭ ብዬ የምር ማጠብ ነበር፤ ገመዱ ላይ የተሰጣ ልብስ ካልታየ የቀበሌ ሰዎች መጠርጠራቸው አይቀርም። ባዮሎጂን ያጠናሁት የሁሉንም ልብስ እያጠብኩ፣ መጽሐፉን አጠገቤ ድንጋይ ላይ ዘርግቼ ነው። ውስጥ ደግሞ ለወንድሜ ይለመናል።

ውጤት መጣ። እኔ አለፍኩ፣ እሱ ወደቀ።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያጽናናኝ የነበረው እሱ ነው። «እንኳን ደስ ያለሽ። በኔ የተነሳ ፊትሽን አታጥቁሪ» አለኝ። ከሱ ሌላ እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ የኔን ነግሬያት ሳልጨርስ «እሱስ?» አለች። ሲነግራት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲገባ ዋለ። አንዷ ጉንጬን ስማ «ምነው ያንቺ ለሱ በሆነ» አለችኝ።

ሴትየዋ ክፋት አልነበረባትም፤ እስከዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ወንድ ብሔራዊ ውትድርና ይጠብቀዋል፣ ከሰሜን ጦር ግንባር ደግሞ ሬሳ እንኳን አይመጣም። እኔ ብወድቅ ማን ይወስደኛል? ለሱ ማለፍ ነፍሱ ነበር፣ ለኔ ግን ትርፍ ነገር። ከልጅነቴ ጀምሮ አንደኛ ስወጣ የኖርኩት በአንድ ቀን እንዲህ ተመዝኖ ቀለለ። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ፤ ለወንድሟ ነው የምታለቅሰው፣ አንጀቷ እንዴት ጥሩ ነው ተባለልኝ።

አባቴ ፋብሪካ ዘበኛ ነበር፤ ጀሞ የሚያውቃቸው ገበሬዎች ስላሉ ወንድሜን እነሱ ዘንድ ደበቀው። ያኔ ጀሞ ጤፍና ሽምብራ እንጂ ሌላ ምን ነበረው? አፈሳ የከተማ ነገር ነው ብለን ተጽናናን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከማጥበው ልብስ አስነስተው ወደ ውስጥ ጠሩኝ። ጸሎቱን የምትመራው እንደ እናቴ ከወላይታ የመጣች ደርባባ ሴት ነበረች። አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ልጄ፣ ጌታ ጸሎታችንን ሰምቷል። በረከቱ ግን አንቺ ላይ አረፈ። አንቺ የምትወጂውን ብትሰጪው ወንድምሽን ይጠብቅልናል። አብርሃም እንኳን ልጁን አልሰሰተም።»

ይስሐቅን የጠየቀው ሰው አለ ወይ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። «ምንድን ነው የምሰጠው?» አልኩ፣ እያወቅሁት።

«መሄዱን ተዪው» አለች እናቴ። ለዩኒቨርሲቲ የተመደብኩት ሐረርጌ ነበር።

እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። እናቴ ተንበርክካ ጉልበቴን ይዛ ነበር፤ ልጇ ሆኜ እናቴን እግሬ ሥር ማየት አልቻልኩም። «አሜን በይ» አሉኝ። አሜን አልኩ። አባቴ ሲነገረው ካፖርቱን ደርቦ ወደ ሥራው ወጣ።

ተማሪዎቹ የሚሄዱ ዕለት ብስራተ ገብርኤል የምትኖር የክፍሌ ልጅ ልትሰናበተኝ መጣች። ሁልጊዜ ከኔ ቀጥላ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ ናት። «አንቺስ ሻንጣሽ የታል?» አለችኝ። አሞኛል አልኳት። እስክትርቅ በር ላይ ቆሜ አየኋት፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በሰው ቀንቼ አላውቅም።

ወንድሜ የተያዘው ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ነው። ለካስ የገበሬ ማኅበሩም ለውትድርና የሚያቀርበው የሰው ኮታ ነበረበት። እኛ የከተማ ሰዎች ይህን አላሰብነውም። ገበሬዎቹ የራሳቸውን ልጆች ከሚሰጡ የኛን ሰጡ፤ አልፈርድባቸውም።

በማግስቱ ማልጄ ስለ ምደባዬ ልጠይቅ የመደበኝ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ምዝገባው አልፏል፣ ቦታሽ ለሌላ ተሰጥቷል አሉኝ። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ መጨረሻ ላይ ዘበኛው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ቤት ስደርስ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«እማዬ፣ የኔም ቀረ» አልኳት።

ሳትዞር፣ ሳትቆጣ «በሙሉ ልብሽ አልሰጠሽውም» አለችኝ።

ወንድሜ አልተመለሰም። እናቴም ይህንን ቃሏን ይዛ ነው የሞተችው። እውነቷን ነበር። እኔ ትምህርቴን አልሰጠሁትም፤ ወሰዱብኝ እንጂ።