የሞቴሉ መርዶ

በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ወዳጅ ዘመድ መጀመሪያ ይመካከራል። ማን ይንገራት፣ መቼ ይነገራት፣ ደም ግፊት አለባት ወይ፣ ሥራ ገብታ ነው ወይስ ቤት ናት ይባላል። ከዚያ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች በር ያንኳኳሉ። አትላንታ ከገባንም በኋላ ይህ ልማድ አልቀረም። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ የሰው በር ያንኳኳሁባቸው ማለዳዎች አሉ። ለሞቴል መርዶ ሲነገር ያየሁት ግን አንዴ ብቻ ነው፤ የተነገረውም ለእኔው ነው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥር ከገባ በኋላ፣ በየሰመሩ፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ወዳለች አንዲት የመዝናኛ ከተማ እንሄድ ነበር። ከአትላንታ ማልዶ ለተነሣ ከምሳ በፊት የሚደረስባት ናት። አራት ሴቶች ነበርን፤ እኔ፣ ታላቅ እህቴ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት፣ እና የእህቴ የሥራ ባልደረባ የነበረች አንዲት ወሎዬ። ወሎዬዋ ከኤርፖርት ሰው የምታመላልስበት ቫን ነበራትና መኪናው የእሷ፣ ሹፌሯም እሷው ነበረች። እሷ ሙስሊም፣ እኛ ጴንጤዎች ነን። እትዬ መንገድ ላይ ሲጸልዩ ሬዲዮዋን ትቀንስላቸዋለች፤ እሷ ለሶላት መኪናዋን ስታቆም ደግሞ እትዬ "ቀስ ብለሽ ስገጂ፣ የሚያጣድፍሽ የለም" ይሏታል።

የምናርፍበት ሞቴል ፎቅ የሌለው፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ አሮጌ ቤት ነበር። በሮቹ ውሃ ሰማያዊ ናቸው፤ ሁሉም ወደ ፓርኪንጉ ይከፈታሉ። ቫናችንን በራችን ላይ ፓርክ አድርገን ድስቱን ከመኪና በቀጥታ ወደ ምድጃው እናስገባለን። በየክፍሉ ትንሽ ኩሽና ነበረ። የሞቴሉ ባለቤት ህንዳዊት አሮጊት ናቸው፤ ቢሯቸው ራሱ በቅመም የታጠነ ስለነበር የእኛን ወጥ አልተጠየፉም። ሁለት ክፍል እንከራያለን፤ በሮቹ ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። እትዬ ከዚያኛው ክፍል "ጨው አነሰው!" ሲሉ ወሎዬዋ ከዚህኛው "ሳይቀምሱ አወቁት?" ትላለች። "ከሽታው አወቅሁት" ይላሉ። እንዲህ ሲባባሉ ይውላሉ።

በየበሩ ፊት ጀርባው የባሕር ዛጎል የመሰለ የብረት ወንበር ነበረ። እግሩ የታጠፈ ቧንቧ ስለሆነ ሲቀመጡበት ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ከእነዚያ አንዱ የእህቴ ነበር። የእሷ ያደረገው ሰው የለም፤ ተቀመጠችበት፣ ሆነ።

እህቴ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥብ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለችና እግሯ ያብጣል። ከባሕሩ በበረዶ መያዣው ባልዲ ውሃ እቀዳላታለሁ፤ እሷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሳፋ ውስጥ ትነክርና "በይ አንብቢ" ትለኛለች። እኔ አሜሪካ ስመጣ ሠላሳ አልፎኝ ነበር፤ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። እንደ አዲስ ተማሪ ያደረገችኝ እሷ ናት። "እኔ ቆሜ ያልደረስኩበትን አንቺ ቁጭ ብለሽ ድረሺበት" ትለኝ ነበር። የማነብላትን እንግሊዝኛ ሁሉ ትረዳው ነበር ብዬ አላስብም፤ ቃል ስዘል ግን ታውቃለች። "አሁን የዘለልሽው ምንድን ነው?" ትለኛለች። እስከ ዛሬ ድረስ ሳነብ ቃል አልዘልም።

እያዳመጠች በቀኝ አውራ ጣቷ የወንበሩን እጀታ ትልጣለች። ከላይ አረንጓዴ ነበር፤ አረንጓዴው ሲነሣ ቢጫ ወጣ፣ ከቢጫው ሥር ነጭ። መጀመሪያ የባቄላ ፍሬ ያህል ነበር፤ በየዓመቱ ስንመለስ ከተወችው ቦታ ትቀጥላለች። አንድ ቀን አሮጊቷ አዩአትና ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

"ወንበሬን ልትጨርሰው ነው በያት" አሉኝ በእንግሊዝኛ።

ተረጎምኩላት። እህቴ ቀና እንኳ አላለችም። "እራት ስለዘገየ ነው፤ መክሰስ ነው በያቸው" አለች።

አሮጊቷ ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። ሌሎቹን ወንበሮች በየዓመቱ ቀለም ሲያስቀቡ ያንን አላስነኩትም።

ከተማዋ ግን እየተለወጠች ነበር። እንደ ደረስን፣ ዋናው መንገድ ላይ ወሎዬዋ ዝግ ትልና "ዛሬ ደግሞ ማን ወለቀ?" ትላለች። ጥርስ እንደሚወልቅ ማለቷ ነው። አንድ ዓመት ወፍ የተሣለበት የመብራት ማስታወቂያ ያለው ሞቴል የለም። ሌላ ዓመት ገንዳው የኩላሊት ቅርጽ ያለው ወለቀ። በቦታቸው አንጋጠው የሚያዩት ኮንዶ ይተከላል። እኛ ፎቆቹን እየተሳደብን እናልፋለን፤ የእኛው በሮች ውሃ ሰማያዊ እንደሆኑ ስናይ እትዬ "ተመስገን" ይላሉ። በየዓመቱ ተመስገን ስንል የእኛም ተራ እየቀረበ መሆኑን ለማሰብ የፈለገ አልነበረም።

በመጨረሻው ሰመሯ እህቴ ከወንበሩ ብዙም አልተነሣችም። ኮሌጅ ልጨርስ ተቃርቤ ነበር፤ የነርስነት ፈቃድ የሚያሰጠው፣ እኛ ቦርድ የምንለው ፈተና ብቻ ይቀረኝ ነበር። "ያለፍሽ ቀን እዚሁ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ" አለችኝ። "በስልክ እንዳትነግሪኝ። መልካም ወሬም ፊት ለፊት ነው የሚያምረው።"

"ከዚያ በፊት ቤት እንገናኝ የለም እንዴ፣ እታለም?"

"ቤትማ ድስት ጥጄ ነው የምሰማሽ። እዚህ ተቀምጬ ልስማው።"

የስኳር በሽታዋ መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ ኩላሊቷን ያዘ። ብርዱ ሳይወጣ አረፈች።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር አንድ ብቻ ነበር። ቦርዱን አልፌ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጣቴን እሷ በላጠችው እጀታ ላይ አድርጌ "አለፍኩ" ልላት። ስኮትዴል ባለው አፓርትማችን በር ዘግቼ ለጥናት የተቀመጥኩት በዚህ ሐሳብ ነው። ወንበሩ ላይ ሆኜ ልነግራት እንደማስብ ለእትዬና ለወሎዬዋም ነግሬአቸዋለሁ፤ የተላጠውን እጀታ ግን አላነሣሁም።

የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። ፈተናዬ በቀረበበት ሰሞን የሞቴሉ አሮጊት ወሎዬዋ ጋ ደወሉ። ተሽጧል፣ ሊፈርስ ነው፣ ልትሰናበቱ ከፈለጋችሁ በዚህ ሳምንት ኑ አሉ። ወሎዬዋ በቀጥታ ወደ እኔ ልትመጣ ተነሣች።

"ወላሂ ልንገራት፣ እትዬ። የእሷ ነገር ነው።"

እትዬ ግን እንደ ሞት መከሩበት። "አርባ ዓመት አልፏት የምትማር ልጅ ናት። ፈተናው ደጇ ላይ ቆሟል። አሁን ብንነግራት ጥላው ትሮጣለች። ብትወድቅ ደግሞ እህቷ ሁለተኛ ትሞትባታለች። ትፈተን፣ ከዚያ በወጉ ይነገራታል።"

ስለዚህ እኔ ሳልሰማ ሁለቱ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ወሎዬዋ መጥታ "የእትዬ ዘመድ ልጅ ሰሜን ካሮላይና ታገባለች፣ ላደርሳቸው ነው" አለችኝ። እትዬ ከኋላዋ ቆመው ነበር። አልዋሹም፤ ጫማቸውን አዩ። እኔም "ደስታውን ያሳምርላችሁ" አልኩና ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ።

ፈተናውን አለፍኩ። ውጤቱን ባየሁ ማግስት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ የቤቴ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ወሎዬዋ ጥቁር ሻሽ አስራለች። 

"እናቴ ናት አይደል?" አልኩ።

"መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ልጄ" አሉ እትዬ።

"እናቴ ናት። ንገሩኝ። ወንድሜ ነው?"

"ውሃ ስጫት" አሉ ወደ ወሎዬዋ ዞረው። ውሃ መጣ። እትዬ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው መጸለይ ጀመሩ። እንዲያጽናናኝ፣ እንዲያበረታኝ፣ ሁሉ በጊዜው እንደሚያልፍ። ጸሎቱ በረዘመ ቁጥር የሞተብኝ ሰው እየበዛ መጣ። እናቴን ቀብሬ ወደ ወንድሞቼ ተሻግሬ ነበር። ጩኸቴን ለቀቅኩት።

"ኧረ እትዬ ልጅቷን ገደሏት!" አለች ወሎዬዋ። "ሰው አልሞተም! አብሽሪ፣ ማንም አልሞተም! ሞቴሉ ነው። ሞቴሉ ፈረሰ።"

ጩኸቴ መሐል ላይ ቆመ። "ሞቴል?" አልኩ። ከዚያ ሳቅ አመለጠኝ። ወሎዬዋም ሳቀች። እትዬ "ምን ያስቃችኋል?" ብለው ሊቆጡ ሞክረው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሳቅን። ሳቁ ሲያበቃ ከመሐላችን ማልቀስ የጀመርኩት እኔ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ እትዬ ነጠላቸውን ለምን እንዳዘቀዘቁት ገባኝ።

ብሰማ ኖሮ ሁሉን ጥዬ እሄድ ነበር ወይ? እሄድ ነበር። ልወድቅ እችል ነበር? እችል ነበር። እትዬ አልተሳሳቱም፤ ይህን እያወቅሁ ነው የሚቆጨኝ። የተሳሳተ ሰው ቢኖር ኖሮ እሱን ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር።

"ባዶ እጃችንን አልመጣንም" አለች ወሎዬዋ። ወርዳ ከቫኑ አንድ ነገር ተሸክማ ተመለሰች፤ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነው። ከታች የታጠፈው ቧንቧ ታየኝ። ወንበሩ ነው። ሲሄዱ ለእሱ ነበር የሄዱት። አሮጊቷን ለምነው፣ በእትዬ ጸሎትና በወሎዬዋ ቀልድ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ለይተው የእህቴን አምጥተዋል።

ብርድ ልብሱ ተነሣ። ወንበሩ እንደ አዲስ መኪና ያንጸባርቃል፤ ሰማያዊ፣ እንከን የለሽ።

"መኪና የሚቀቡበት ቦዲ ሾፕ አስቀባሁት!" አለች ወሎዬዋ። ፊቷ በርቷል። "ጓደኛችን ነው የሠራው፤ እስከ ብረቱ ድረስ አስፍቄ። ዝገቱን ብታይው! በተለይ ይሄ እጀታ እንዴት ተበልቶ እንደነበር ብታይ ታፍሪበት ነበር። አሁን ንኪው፣ መስታወት ነው።"

ነካሁት። መስታወት ነበር።

"ደስ አለሽ?" አሉ እትዬ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

"በጣም" አልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ። በጣም ደስ አለኝ።"

ሲሄዱ ተቀመጥኩበት። እንደ ድሮው ቀስ ብሎ ተወዛወዘ፤ ቀለም ቀለም ይሸታል። እጄን እጀታው ላይ አድርጌ ያዘጋጀሁትን "እታለም፣ አለፍኩ" አልኩ። በደንብ፣ ቃል ሳልዘል አልኩት። ግን ገና ከሱቅ የመጣ ዕቃ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ማውራት ሆነብኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሰመር፣ እዚያችው ከተማ ሄድን። በሞቴሉ ቦታ በቆመው ፎቅ፣ እኔና ወሎዬዋ አንድ ክፍል፣ እትዬ ለብቻቸው ሌላ ክፍል ያዝን። በሩ በካርድ ነው የሚከፈተው፤ ለቅቀውት ሲወጡ ራሱ ይዘጋል። ኩሽና የለም። እትዬ ከክፍላቸው ስልክ ደውለው "ምን እየሠራችሁ ነው?" አሉን።

"ተቀምጠናል" አለች ወሎዬዋ።

"እኔም ተቀምጫለሁ" አሉና ዘጉት። ተመልሰን አልሄድንም።

አሁን የምኖረው አቮንዴል እስቴትስ ነው፤ ወንበሩ በረንዳዬ ላይ አለ። ፀሐይ ስለሚመታው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀኝ እጀታው ላይ ሰማያዊው መላጥ ጀመረ። የእኔ አውራ ጣት ይሁን የፀሐዩ ሥራ አላውቅም። ባለፈው ወሎዬዋ ልትጠይቀኝ መጥታ አየችው።

"ውይ! ይሄማ ተበላ" አለች። "ልውሰደውና እንደገና ላስቀባው?"

"ተይው!" አልኩ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅምና ደነገጠች። "አብሽሪ፣ ምን አልኩ!" አለችና አየችኝ። እጀታውን የላጠችው እህቴ እንደነበረች ያን ጊዜ ልነግራት እችል ነበር። ፊቷን አየሁት። ያን ማለዳ ብርድ ልብሱን ስታነሣ የበራው ፊት ነው።

"እንዲሁ ይሻለኛል" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "አሮጌ ነገር እወዳለሁ።"

"ታዲያ አሮጌ ከወደድሽ እኔ አለሁልሽ!" ብላ ሳቀችና ተቀመጠችበት። ሻይ ላመጣላት ገባሁ።

ከሄደች በኋላ የተላጠውን በጥፍሬ ትንሽ አሰፋሁት። ከሥሩ አረንጓዴ የለም፣ ቢጫም የለም፤ ግራጫ ብረት ብቻ ነው።