የጾመው ሽጉጥ

ባሌ ሽጉጥ የገዛ ዕለት ሳቅሁበት። ምን ላድርግ? ዕድሜውን ሙሉ ከገብስና ከባቄላ ጆንያ ጋር ሲታገል የኖረ፣ ዶሮ እንኳ ሲያርድ እኔን አስይዞ ፊቱን የሚያዞር ሰው፣ ከሸሚዙ ሥር ብረት ሸጉጦ ሲገባ ሳቄ መጣ። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ጀግናው» አልሁት። አልሳቀም። እሱ ሳይስቅ ሲቀር ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ሰሞን ከወገዳ እህል ጭኖ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄድ ነጋዴ ሁሉ የሚያወራው አንድ ወሬ ነበር። የታጠቁ ሰዎች መንገድ ላይ መኪና ያስቆማሉ፣ ያስወርዳሉ፣ ይፈትሻሉ፣ የወደዱትን ይወስዳሉ፤ አንዳንዴም ሰውየውን ራሱን ይወስዳሉ። ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም፣ የሚያውቅም አያወራም። የባሌ የንግድ ጓደኛ እንዲህ ተወስዶ ዘመድ አዝማድ በሬውን ሸጦ ነው ያስለቀቀው። ከተመለሰ ወዲህ ሰውየው ሻይ ቤት ሲገባ እንኳ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ባሌ እሱን ጠይቆ የመጣ ዕለት እህል አልቀመሰም። ብዙም ሳይቆይ ፈቃዱን አውጥቶ ሽጉጡን ገዛ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የእግር መኪና አለችኝ። «እጅጌው ጠበበ፣ ወገቡ ሰፋ» ከሚል ደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ ቤቴ ስገባ የምፈልገው ሰላም ነው። ያ ብረት ከመጣ በኋላ ግን ሰላም የሚባል ነገር ጠፋ። ትራስ ሥር ሲያደርገው እኔ ወደ ግድግዳው እጠጋለሁ። ቁም ሣጥን ውስጥ ሲያደርገው ነጠላዬን ለማውጣት እፈራለሁ። «ጥይቱን አውጥቼዋለሁ እኮ» ይለኛል። «አንተ አውጥተኸው ይሆናል፣ ሰይጣን መልሶ ቢያስገባውስ?» እለዋለሁ። እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

ሲገዛው ሻጩ ፊት ሞክሮት ደህና ተኩሷል። ደስ ብሎት አጎቱን ሊያሳያቸው ሄደ። አጎትየው ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ ጠመንጃ አላቸው፤ ትልቅ ሰው ሲሞት ለለቅሶ ካልሆነ አይተኩሱትም፣ ግን በመሣሪያ ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስላቸውም። ሽጉጡን አገላብጠው አዩና «ይህማ ደርቋል፣ መቀባት አለበት» አሉ። በሌላ ጊዜ ቢሆን የሚቀቡት ቅቤ ነበር። ያን ጊዜ ግን ዐቢይ ጾም ይዟል። እሳቸው ደግሞ በጾም ቅቤ በእጃቸው አይነኩም፤ ራሳቸውን አይቀቡም፣ ጠመንጃቸውንም አይቀቡም። «እኛ እየጾምን እሱ ይፈስካል እንዴ?» ብለው የኑግ ዘይት አስመጡ። በጨርቅ እየነከሩ ከአፈሙዙ እስከ ካዝናው ድረስ፣ ውስጡን ሳይቀር፣ እንደ አራስ ልጅ ገላ አሹት። ባሌ ይዞት ሲገባ ቤቱ ኑግ ኑግ ሸተተ። «ወጥ ልትሠራበት ነው?» ብዬ ደግሞ ሳቅሁ። ከዚያ በላይ ላስብበት ቀርቶ ላየውም አልፈልግም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በሰፈራችን አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ሞቱ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ሲቀበር ይተኮሳል፤ ካልተተኮሰ ሟቹ እንደተናቀ ይቆጠራል። ባሌም ከወንዶቹ ጋር ተሰልፎ ወጣ። እኔ ከሴቶቹ መሀል ሆኜ አየዋለሁ። የመጀመሪያው ጥይት ወጣ። ሁለተኛው ላይ ሽጉጡ ነከሰ፤ የተተኮሰው ቀለህ ሳይወጣ አፉ ላይ ተሰነቀረ። ባሌ ደነገጠ። ብረቱን እየጎተተ፣ እየመታ፣ እየታገለ ሳለ አፈሙዙ ወዲህ ሲዞር ወዲያ ሲዞር የለቅሶተኛው ሰልፍ ጎንበስ ቀና ይላል። አንዱ «ኧረ ወንድሜ፣ ሟቹን ልታስከትለን ነው?» ሲል ለቅሶ ላይ የማይስቀው ሁሉ ሳቀ። ሌላው ደግሞ «ጥይት መስሎህ ባቄላ አጉርሰኸው እንዳይሆን» አለው። እህል ነጋዴ አይደል? ያቺ ባቄላ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያው ውስጥ ስትከተለው ከረመች።

ከዚያ በኋላ ባሌ ሌላ ሰው ሆነ። ጥይቱን ጠረጠረ፤ ከሌላ ሰው ሌላ ጥይት አመጣ። የካዝናውን ሞላ ጠረጠረ፤ ላልቷል ብሎ አውጥቶ ሳበው። ሻጩን ጠረጠረ፤ ደውሎለት ተሰዳደቡ። እኔንም ሳይጠረጥረኝ አልቀረም፣ በእርግማንሽ ነው ማለቱ ነው። እብድ የሚያደርገው ነገር ሽጉጡ ሁልጊዜ አለመንከሱ ነበር። ዛሬ ከአጎቱ እርሻ በታች ገደሉ ውስጥ ይሞክረውና እንደ ጉድ ይተኩሳል፤ ደስ ብሎት ይመጣል። ከነገ ወዲያ ሲሞክረው ይነክሳል። በነከሰ ቁጥር ደግሞ አጎትየው «ዘይት አንሶት ነው» ይላሉ፣ እሱም ይጨምርለታል።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችንን ጠበል ይርጩልኝ ብሎ ጠየቃቸው። ቄሱ ሽጉጡን አዩት፣ እሱን አዩት። «ልጄ፣ እኔ ሰው ላይ ነው የምረጨው። ለዚህ ምን ብዬ ልጸልይለት? እንዳይስት ብዬ?» አሉት። አፍሮ ተመለሰ። እኔ ግን ቄሱን እግዚአብሔር ይስጣቸው አልሁ፣ ምናልባት አሁን ይተወው ይሆናል ብዬ።

አልተወውም። ጭነቱ ደግሞ ደረሰ። የገዛው ገብስና ባቄላ ቤት ሞልቶ፣ መኪናው ሊመጣ ቀናት ቀሩት። የአንዲቱን ሴት እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼላት «ዓይንሽ የት ሄዷል?» ብላ ተቆጣችኝ። ዓይኔማ መንገዱ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ባሌ መዞ ሲያነጣጥር፣ ያ ብረት ቀጭ ብሎ ሲቀር፣ እነዚያ ደግሞ ሲስቁበት። ከሳቁ በኋላ የሚያደርጉትን ማሰብ አልችልም።

«ትተኸው ሂድ» ብዬ ለመንሁት።

«ባዶ እጄን አልሄድም።»

«የማይተኩስ ሽጉጥ ከባዶ እጅ በምን ይሻላል? ባዶ እጅህን ብትሆን ፈትሸው ይለቁሃል። እሱን መዘህ ቀጭ ቢል ግን ገደሉህ ማለት ነው።»

«እሱንም አላጣሁትም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ግን ያንን ተወስዶ የተመለሰውን ሰው አይተሽዋል? እንደ በግ ተነድቶ መሄዱ ነው ያሳበደው። እኔ እንደዚያ አልሄድም።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። እኔ ግን ባሌን መከራ እንዲመክርልኝ አልፈልግም።

በማግሥቱ ጠዋት ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ ፈታትቶ ደርድሮት፣ የጭነት መኪናው ሾፌር ደጅ ቆሞ ሲጣራ ሊያነጋግረው ወጣ። እኔ ቁርስ ላቀርብ ጠጋ ስል አንዲት ጥቅልል ሞላ በክርኔ ተነክታ መሬት ወደቀች። ካልጠፋ ነገር እሷ ብትጠፋ ጉድ ፈላ ብዬ ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ጣቴ ላይ ተጣበቀች። አራገፍሁ፣ አልለቅ አለች። ሌላውን ብረት ነካሁት፣ እሱም ያው ነው፤ ቢጫ፣ የሚያጣብቅ፣ ልክ ሲከራርም በኑግ ጠርሙስ አንገት ላይ እንደሚደርቀው ዓይነት። ቁጭ አልሁ።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ስፌት ስጀምር የመኪና ዘይት አልቆብኝ፣ ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ ኑግ ጠብ አድርጌባት ነበር። ዕለቱን እንደ ቅቤ ለሰለሰች። ከቀናት በኋላ እግሬ እስኪዝል ብረግጥ ንቅንቅ አልል አለች። ኑግ አየር ሲያገኘው ይደርቃል፣ ሲደርቅ ሙጫ ነው። አጎትየው በየጊዜው ሙጫ ሲያጠጡት ከርመዋል። ጠመንጃቸውንም በጾም የሚቀቡት በዚሁ ነው፤ በዓመት አንዴ ለለቅሶ በጉልበት ስበው ስለሚተኩሱት አልታወቃቸውም።

እዚያው ተቀምጬ ትንሽ አሰብሁ። ዝም ብልስ? ዝም ብል ይዞት ይሄዳል፣ ይከሽፍበታል፣ ይሞታል። ብናገር ይሠራለታል፣ መተማመኛ ያገኛል፣ ይመዛል፤ ያኔም ወይ ይገድላል ወይ ይሞታል። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ጫማውን በሳምሁ። ባሌ ተመልሶ ሲገባ ግን ፊቱን አየሁት። ከስቷል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ያ ሽጉጥ በልቶታል። አፌ ቀደመኝ።

«ና ወዲህ» አልሁት። «ያስነከሱት አጎትህ ናቸው፤ ኑጋቸው ደርቆ ሙጫ ሆኗል።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ላየው የማልፈልገውን ብረት በእጄ አጠብሁት። እያንዳንዷን ብልት በላምባ ነከርሁ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቅሁ፣ ከዚያ የስፌት መኪናዬን ዘይት በስሱ ቀባሁለት። ባሌ አጠገቤ ቆሞ ያያል። «ይህኛው ዘይት ጾሙን አያስፈታም?» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲቀልድ ሰማሁት። «የሚበላ አይደል፣ ምን ያስፈታል» አልሁት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ገደሉ ሄዶ ሞከረው፣ ሠራ። አሳድሮ ሞከረው፣ ሠራ። ጥቂት ቀናት ሳይነካው አስቀምጦ ደግሞ ሞከረው፤ ያለውን ጥይት ሁሉ አከታትሎ ተኮሰው፣ አልነከሰም። ትከሻው ቀና አለ፣ እህልም መብላት ጀመረ። ለአጎቱ ግን አልነገራቸውም፤ ለእሳቸው «ኑጉ ሠራ» ነው ያላቸው።

የሄደ ዕለት ማለዳ ከመኪናው ሥር ቆሜ «ካልነኩህ እንዳትነካው» አልሁት። «እሺ» አለኝ፣ ወገቡን በእጁ ዳሰስ አድርጎ። ያቺን ዳሰሳ አልወደድኋትም። መኪናው ከዓይኔ ሲሰወር የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥሁና አንድ ስፌት አልሰፋሁም። ስደውል ኔትወርክ የለም። ደግሜ ስደውል የለም። ከዚያ መንገድ የመጣ መኪና በቆመ ቁጥር እየሮጥሁ ወርጄ ሾፌሩን ጠየቅሁ፤ ሁሉም «ሰላም ነው መንገዱ» ይላል። ሰላም ነው ሲሉኝ ይበልጥ እፈራለሁ። ባሌ ሬሳ ሆኖ ሲመጣ እንዴት አድርጌ እንደምጮህ ሳይቀር አሰብሁት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በገዛ እግሩ ቆሞ መጣ። በበሩ ሲገባ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ወገቡን አየሁ። ወገቡ ባዶ ነው። በሕይወት አለ፤ ሌላው ምን ቸገረኝ? አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስሁ። ውኃ ጠጣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ተቀመጠና ነገረኝ።

የታጠቁ ሰዎች አንድ ኩርባ ላይ መኪናውን አስቆሙት። ሁሉንም አስወርደው ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዙረው እጃቸውን ወደ ላይ አስደረጓቸው። «እጄ ወደ ወገቤ አልሄደም» አለኝ። «አጠገቤ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። ያሰብሁት ሁሉ ጠፋብኝ።» ሲፈትሹት አገኙት። ለዚህ ይገድሉኛል ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። አንደኛው ግን ሽጉጡን ተቀብሎ አገላበጠው፣ አቀባበለው፣ ከባሌ ጆሮ አጠገብ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ደገመ። ደጋገመ።

«አንዴም አልነከሰም» አለኝ ባሌ።

ድምፁን ሰማሁት። ኩራት ነበረበት። እኔም ደግሞ፣ ምን እዋሻለሁ፣ «አላልሁህም?» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ተያየን። ሁለታችንም አቀረቀርን።

«ሰውየው ምን አለህ?» አልሁት።

«እግዜር ይስጥህ፣ በደንብ ይዘኸዋል አለኝ። እህሉንም አልነኩም፤ ሂዱ አሉን።»

በዚያ ጭነት ያልሄደው ባቄላ አሁንም ቤት ውስጥ ተከምሯል፣ ሳይነቅዝ መሄድ አለበት። እኔም ክርና ጨርቅ አልቆብኛል፤ አብሬው ልሄድ ነው። ሰዉ ስለ መንገዱ ሲያወራ እሰማለሁ፤ አንዳንዱ «የእነሱ መሣሪያ አሮጌ ነው፣ ግማሹ አይተኩስም አሉ» እያለ ራሱን ያጽናናል። ከዚያ መኪና ላይ ከምንሳፈረው ሁሉ፣ እነሱ እጅ ያለው አንዱ ሽጉጥ እንደማይከሽፍ የምናውቀው ግን እኔና ባሌ ነን።