ስልኩን የሚያነሳ ኮሌጅ

ሰፈሩ በሙሉ «ሃሎ» ነው የሚላት። ዕድሜዋን በሆስፒታሉ የስልክ ማዞሪያ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎት?» ስትል የኖረች ሴት ሌላ ምን ስም ይወጣላታል? ባሏ ልብስ ሰፊው እንኳ እናቷ ያወጡላትን ስም የሚጠራው ሲኮራረፉ ብቻ ነው።

ከደዋዮቿ ሁሉ የማትረሳቸው አንድ አዛውንት አሉ። ባለቤታቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ አመሻሽ ላይ እየደወሉ «ዛሬስ እንዴት ዋለች?» ይሉ ነበር። ሴትዮዋ ካረፉ በኋላም መደወላቸውን አልተዉም። «እዚያም እየዘነበ ነው እንዴ?» ይላሉ። «አዎ አባባ፣ ያካፋል» ትላቸዋለች። በቃ፣ ወሬያቸው ይኸው ነው።

አንድ ቀን «ለድንገተኛ አንድን፣ ለመድኃኒት ቤት ሁለትን ይጫኑ» የሚል ማሽን መጣና ሃሎን መዝገብ ቤት አዛወሯት። ደመወዟ ስላልተነካ ሰው ሁሉ «ተገላገልሽ» አላት። እሷ ግን ቀኑ መሸት ባለ ቁጥር ከመዝገብ ቤቱ ወጣ ብላ ሰማዩን ታያለች። ለዝናብ የሚጫን ቁጥር የለማ! ሰውዬው ደውለው ይሆን? ማሽኑን ያመጡት ሰዎች እሳቸውን ለአፍታ እንኳ አስበዋቸዋል? ማንን ትጠይቅ?

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያጠና ትምህርት መኖሩን የነገረቻት ልጇ ናት። ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኅብረተሰብ ይባላል፤ ማሽን የሰውን ኑሮ፣ ሰውም ማሽኑን እንዴት እንደሚለውጥ ይጠይቃል። «እማዬ፣ ይሄማ በልክሽ የተሰፋ ነው» አለቻት። የሚያስተምሩት ሁለት ኮሌጆች ናቸው። አንዱ እዚሁ ቅርብ፣ ከሥራ መልስ የሚማሩበት ነው፤ ሌላው በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተጉዘው፣ ቤት ተከራይተው የሚቀመጡበት። ልብስ ሰፊው የትኛውን እንደሚመኝ መናገር አያስፈልግም።

ልጅቷ የሁለቱንም ግቢ ፎቶ ብታሳያት ሃሎ ዞር ብላም አላየችው። እሷ መሥሪያ ቤትን የምትመዝነው በስልክ አነሳሱ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ከመዝገብ ቤት ደወለች። ቅርቡ ኮሌጅ «እንኳን ደህና መጡ፤ ለምዝገባ አንድን ይጫኑ» አላት። ጥርት ያለ ድምፅ፣ ለሁሉም ነገር ቁጥር ያለው። ጆሮው ላይ ዘጋችበት፤ ጆሮ ካለው። ሩቁ ጋ ደግሞ ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አሁንም ጮኸ። ልትዘጋ ስትል አንዲት ሴት እያለከለከች አነሳች።

«ይቅርታ፣ አስተማሪ ነኝ፤ በኮሪደሩ ሳልፍ ሲጮኽ አላስችል ብሎኝ ነው።»

ሃሎ ልትጠይቅ ያሰበችው ስለ ምዝገባው ነበር። ከአፏ የወጣው ግን የአዛውንቱ ነገር ነው። ዝናቡንም ሁሉንም ተናገረችና «እኚህ ሰው አሁን የት ይደውላሉ?» ብላ ጨረሰች።

አስተማሪዋ «አላውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ግን እባክዎ አይዝጉት፤ ሌላስ ምን ይሉ ነበር?»

ቤት ስትገባ ሁሉንም ለባሏ ነገረችው።

«አላውቅም ለሚሉሽ ሰዎች ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የምትሄጂው?»

«ቅርቡ ኮሌጅማ መልሱ ሁሉ በማሽን ተቀድቶ አልቋል።»

ልብስ ሰፊው በከንፈሩ የያዛትን መርፌ አውጥቶ ጨርቁ ላይ ሰካት። ከዚያ እናቷ ባወጡላት ስም ጠራት። አኩርፏል ብላ ቀና ስትል ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ማታ ማታ ብደውል ታነሺልኛለሽ?» አለ። «የማወራው እንኳ ባጣ ስለ ዝናቡ እጠይቅሻለሁ።»

ሃሎ እጇን እንደ ስልክ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ «አዎ፣ ያካፋል» አለችው።